ቀስ በሉ፣ ግን በሰዓቱ

ህዳር ሲገባ ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ሰፈር የሚኖር ሀበሻ አንድ ተጨማሪ ሥራ ይመጣበታል፤ ማረፍ የሚባል ሥራ። ዘንድሮ የጀመረው ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ በስልክ ነው። ዋሽንግተን ያለ ወዳጄ ቢጫና ቀይ የለበሰ ዛፍ ፎቶ ልኮ፣ «ዛፉ ቅጠሉን እንደሚያራግፍ አንተም ጭንቀትህን አራግፍ» ይለኛል። እግዜር ይስጠው። ናይሮቢ የምድር ወገብን ተጠግታ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ መጸው ደረሰ ብሎ እንዲህ የሚያጌጥ ዛፍ የላትም። ከጥቅምት እስከ ታህሳስ እኛ ዘንድ የሚራገፈው ሰማዩ ነው። የጃካራንዳው ሐምራዊ አበባ ጭቃው ላይ ይነጠፋል፣ የምዊኪ መንገድ ይዘጋጋል፣ አንተም ማታቱ በሚሉት ታክሲ ውስጥ ተቀምጠህ የረዳቱን ጩኸትና የስፒከሩን ድብደባ ታዳምጣለህ። እ.ኤ.አ. በህዳር 2012 የተመረቀው ሰፊው የቲካ አውራ ጎዳና እስከ መታጠፊያችን ድረስ ያበርህና ከዚያ በኋላ ያለውን ለፈጣሪ ይተወዋል። ቀስ ማለት ለሚፈልግ ሰው ካሳራኒ ምን አጎደለች?

ለሰፈራችን ሰዎች ግን ይህ አልበቃም። ዕረፍቱ ሥርዓት ይኑረው ተባለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና እየጠጣን፣ የሆድ የሆዳችንን አውርተን፣ ሲመሽ እንበተን የነበርን ሰዎች «የመጸው የእርጋታ መርሐ ግብር» የሚል የዋትስአፕ ግሩፕ ውስጥ ተጠቅልለን ገባን። መርሐ ግብሩም ወዲያው ደረሰን፤ ዘጠኝ ሰዓት አቦል፣ ዘጠኝ ከሃያ ጥልቅ ትንፋሽ፣ ዘጠኝ ተኩል ቶና፣ ሩብ ጉዳይ ለአስር ዝምታ፣ አስር ሰዓት በረካ፣ አስር ከሩብ የጋራ ፎቶ። ያረፈደ 200 ሽልንግ በኤም-ፔሳ ይከፍላል።

«ጋሼ፣ እንደ ድሮው ዝም ብለን ብንጠጣስ?» አልኳቸው ሰብሳቢያችንን።

«ልጄ፣ ያለ ፕሮግራም ማረፍ እኮ ስንፍና ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። እስካሁን በስንፍና ኖረናል። እናቶቻችን ቡናውን ሦስቴ ሲያጠጡን አንድም ቀን ቃለ ጉባኤ አልያዙም፤ ዕድራችንና እቁባችን በደንብ ሲተዳደሩ ዕረፍታችን ብቻ ሕግ አልባ ሆኖ ቀረ። አሁን ይህ ክፍተት ተዘግቷል። ሰብሳቢ አለን፣ ጸሐፊ አለን። ቅጣት ስላለ ገንዘብ ያዥ አለን፤ ገንዘብ ያዥ ስላለ ደግሞ ኦዲተር አለን። ስብሰባው የሚከፈተው ያለፈው ቅዳሜ ዝምታ ቃለ ጉባኤ ተነቦ ሲጸድቅ ነው። ባለፈው አንድ አባል እጁን አውጥቶ፣ «እኔ በዚያ ዝምታ ውስጥ አስነጥሼ ነበር፤ አልተመዘገበልኝም» ስላለ ዝምታው በማሻሻያ ጸደቀ።

የዝምታ ንዑስ ኮሚቴ የተቋቋመው ከዚህ ወዲህ ነው። ሥራ በዝቶበታል። የሕፃን ልቅሶ ዝምታ ያፈርሳል ወይስ አያፈርስም? በውጭ የሚያልፈው ማታቱ ሙዚቃውን ሲያምባርቅ ደቂቃው ይካካሳል ወይ? ለማታቱ ባለንብረቶች ማኅበር ደብዳቤ እንዲጻፍ በአብላጫ ድምፅ ተወስኗል፤ ደብዳቤውን ለማርቀቅም ሦስት ሰዎች የእሑድ ዕረፍታቸውን ሠውተዋል። ሥራ ይዞት የቀረ አባል ከአሠሪው ማስረጃ ያመጣል። አዲስ ገቢ፣ በእርግጥ መድከሙን የሚመሰክሩ ሁለት ዋሶች ይጠራል። በወሩ መጨረሻ ግምገማ አለ፤ ሂስና ግለ ሂስ። አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ፣ «በጥልቅ ትንፋሹ ሰዓት የቤት ኪራይ ሳስብ ነበር» ብሎ ራሱን አጋለጠ። ለሐቀኝነቱ ተጨበጨበለት፤ ከዚያ ተቀጣ።

እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ቤት ተወስኖ አይቀርም። ሮይሳምቡ ቅርንጫፍ ይከፈታል፣ ኢስሊም ይቀጥላል፤ ጠቅላላ ጉባኤው አዳራሽ ሲጠበው ደግሞ ስቴዲየማችን አለ። የሞይ ዓለም አቀፍ ስፖርት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1987 ለመላው አፍሪካ ጨዋታዎች የተከፈተ ነው፤ ስልሳ ሺህ ያህል ሰው ይይዛል። ስልሳ ሺህ ሰው በአንድ ፊሽካ ትንፋሹን ስቦ በአንድ ፊሽካ ሲለቅ ይታያችሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 ከሃያ ዓመት በታች የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና የተሮጠው እዚያ ነው፤ የእኛዎቹ ልጆች ሜዳሊያ ያጠለቁበት ትራክ። እንግዲህ በዚሁ ትራክ የእርጋታ ሻምፒዮና እናዘጋጃለን። መጨረሻ የገባ ወርቅ ይሸለማል፤ መጨረሻ ስለገባ ደግሞ 200 ሽልንግ ይቀጣል። ዳኞቹ ይህን ጉዳይ ለጊዜው አጥንተው አልጨረሱም። ፈረንጆቹም ቢሆኑ በቀላሉ አልተሳካላቸውም፤ ጣልያኖች የጀመሩት «ቀስ ብሎ የመብላት» ንቅናቄ እ.ኤ.አ. በ1989 ማኒፌስቶውን ለመፈረም ከአሥራ አምስት አገር ልዑካንን ፓሪስ ድረስ ሰብስቧል። ምሳን ለማዘግየት ማለት ነው።

መርሐ ግብሩ ሌላም ጥቅም አለው። ሰው ቤተሰቡን የሚያገኘው በፎቶ ነው፤ የቅዳሜው የጋራ ፎቶ ደግሞ ጥሩ ወጥቷል።

ፎቶውን አጉልታችሁ እዩት። ከዳር በኩል ጀበና የያዘ እጅ አለ። ፊት የለውም፤ ክፈፉ ቆርጦታል። የቡናዋ ባለቤት እጅ ነው። እሷ ከሌሊት ጀምሮ ለሽያጭ የሚሆን እንጀራ ስትጋግር ያደረች ሴት ናት። ዝናቡ ያራሰውን ከሰል በረንዳ ላይ ስታራግብ ዓይኗ ቀልቷል፤ ቧንቧው ስለደረቀ ሲኒውን የምታለቀልቀው ከጀሪካን በተቀዳ ውሃ ነው። መርሐ ግብሩ ዘጠኝ ሰዓት ይጀምራል ሲባል እሷ ስምንት ሰዓት ላይ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ ረከቦቱን ደርድራ፣ ፈንዲሻውን አፈንድታ መጠበቅ አለባት። ድሮ ቡናው በደረሰ ጊዜ ነበር የሚደርሰው። አሁን አቦሉ አምስት ደቂቃ ቢዘገይ ሰዓት የሚያይ ኮሚቴ አለ። በዝምታው ሰዓት ሲኒ እንዳታንኳኳም ተነግሯታል።

ይህ ዕረፍት አይደለም። ድካማችንን አንድ ሰው ላይ ጭነን «እፎይ» ማለት ነው። አፍራለሁ።

ይቅርታ፣ ከመርሐ ግብሩ ወጣሁ። ማረፍን ግን ድሮም እናውቀው ነበር። አገር ቤት ህዳር የአጨዳ ወር ነው፤ የደረሰ ጤፍ ካላጨዱት ይረግፋል፣ ወፉም ዝንጀሮውም አይጠብቅም። እንዲያም ሆኖ ገበሬው በ12 ለሚካኤል፣ በ21 ለጽዮን ማጭዱን ይሰቅላል። በዓል ነውና ይሰቅላል፤ አለቀ። ትንፋሹን የሚቆጥርለት የለም፣ አረፍክ ወይ ብሎ የሚገመግመውም የለም፣ ጎረቤቱም አብሮ ስለሚያርፍ ብቻውን ወደኋላ ቀረሁ ብሎ አይሰጋም። (ጠላውን የጠመቀው ማን እንደሆነ ግን እዚያም እናውቃለን። የበዓል ዋዜማ ለማን ዕረፍት እንደነበረ እናቶቻችን ይጠየቁ።) ካሳራኒ ላይ ማጭድ የሚሰቀልበት ቀን የለም። ኪራዩ በወሩ መባቻ ይመጣል፣ አሠሪው የሚካኤልን ዕለት አያውቅም፤ ስለዚህ ያጣነውን ቀን በአስር ደቂቃ ትንፋሽ ልንተካው እንሞክራለን። ድካማችን የእውነት ነው። በእሱ ላይ አልቀለድኩም።

ህዳር 15 የነቢያት ጾም ገብቷል። ኮሚቴው የቡና ቁርሱን ዝርዝር በጾም ለማስተካከል አስቸኳይ ስብሰባ ጠርቶ፣ ማክሰኞ ማታ ከሥራ ስንገባ ጀምሮ እስከ አምስት ሰዓት አስቀመጠን። በስብሰባው ላይ የሰዉ ድካም እየባሰ መምጣቱ በጥናት እንዲታይ ተወስኗል። እኔም ዕድሉን አግኝቼ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ፤ እያንዳንዱ አባል በተራ ይቁላ፣ በተራ ይውቀጥ፣ በተራ ሲኒ ይጠብ፣ የቡናዋ ባለቤት ደግሞ ወንበር ይዛ ትቀመጥ አልኩ። ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም፤ ከተቋቋምን ወዲህ ያለ ፊሽካ የተከበረ የመጀመሪያው ዝምታ ነበር። ከዚያ ሰብሳቢያችን ጉሮሯቸውን ጠርገው ሐሳቡ ጥሩ መሆኑን፣ ነገር ግን በጥንቃቄ መታየት እንዳለበት ገልጸው ወደ ንዑስ ኮሚቴ መሩት። ንዑስ ኮሚቴው እስከ ገና ድረስ ጊዜ የለውም።