ሊደርሺፕ በዛብን

ለንደን ውስጥ የወንጀል ፍትሕ አስተዳደርና አመራር በማስተርስ የምንማር ሐበሾች ስንገናኝ ሰላምታው ሳያልቅ እሮሮው ይጀመራል። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ቤተሰብ ለዓመታት ያጠራቀመው ገንዘብ ወደ ፓውንድ ሲቀየር ከግማሹ አይዘልም። ለጤና አገልግሎት በዓመት 776 ፓውንድ አስቀድሞ መክፈል ግዴታ ነው፤ በትምህርት ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት ክልክል ነው። ከጃንዋሪ 2024 ወዲህ ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቱ ማስተርስ የሚመጣ ሰው ሚስቱንም ልጁንም ይዞ መምጣት አይችልም። አባወራው ብቻውን ኬር ሆም ውስጥ ናይት ሺፍት ያድርና ጠዋት ክፍል ገብቶ ስለ ትራንስፎርሜሽናል ሊደርሺፕ ሲነገረው ያንጎላጃል።

አገር ቤት ያለ ዘመድ ሲደውል «ስትጨርስ ፖሊስ ልትሆን ነው?» ይላል። አይደለም። «እንግዲያው ጠበቃ?» እሱም አይደለም። «ታዲያ ምንድን ነው የምትማረው?» እዚህ ላይ ኔትወርኩ ተቆረጠ ማለት ይሻላል።

ይሄም ይሁን፣ ለምደነዋል። ከኦክቶበር 2025 ወዲህ ግን መቀለጃ ሆነናል። በወሩ 24ኛ ቀን የቼምስፎርድ እስር ቤት በአንዲት ታዳጊ ላይ ባደረሰው ጾታዊ ጥቃት 12 ወር ተፈርዶበት ወደ አገሩ ሊባረር የሚጠበቅ ኢትዮጵያዊ በስህተት ለቀቀ። እዚያ የነበረ ዕቃ አድራሽ ሾፌር ለጋዜጠኞች እንደተናገረው፣ ሰውየው የሚሄድበት ጠፍቶት ደጋግሞ ወደ እስር ቤቱ ቢመለስም ወደ ባቡር ጣቢያው ሂድ እየተባለ ይሸኝ ነበር። እስረኛው ልግባ ሲል ጠባቂው ሂድ! የተበደለችው ታዳጊ ቤተሰብ ይህን ሲሰማ ምን ይበል? ከሁለት ቀን በኋላ እዚሁ ሰሜን ለንደን፣ ፊንስበሪ ፓርክ ተያዘ። በዚያው ሳምንት በረራውን እንዳያውክ 500 ፓውንድ ተሰጥቶት ወደ ኢትዮጵያ ተላከ። እኛ ለመግባት ከፍለናል፣ ለእሱ ለመውጣት ተከፈለው።

ከዚያ ወዲያ ሐበሻ ምግብ ቤት በገባን ቁጥር «እናንተ ይህን ነው የምትማሩት?» የማይለን የለም። ምን ብለን እንመልስ? በእንግሊዝና በዌልስ እስከ ማርች 2025 በነበረው አንድ ዓመት ብቻ 262 እስረኞች በስህተት ተለቀዋል፤ በፊተኛው ዓመት 115 ነበሩ። እስር ቤቶቹ ስለሞሉ በ2024 ብዙዎች የፍርዳቸውን 40 በመቶ ጨርሰው እንዲወጡ ተፈቀደ፤ ይኸኛው ይመለከተዋል፣ ያኛው አይመለከተውም ሲባል የቀን ቆጠራው ተወሳሰበ። የፍትሕ ሚኒስትሩ ዴቪድ ላሚም አሠራሩ ዛሬም በወረቀት ላይ የቆመ ኋላ ቀር መሆኑን ለፓርላማ አምነዋል። እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው ፋይል የሚያገላብጠው ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ነው። እኛን የሚያስተምሩን ግን ስለ ራዕይ፣ ስለ ስትራቴጂ፣ ስለ ለውጥ አመራር ነው። የእስረኛ ቀን እንዴት እንደሚቆጠር፣ መዝገብ ከፍርድ ቤት ወደ ማረሚያ ቤት በማን እጅ እንደሚያልፍ የሚያሳየን የለም።

በክፍል ውይይት ላይ ደግሞ ለደንቡ ያህል «በእናንተ አገርስ እንዴት ነው?» ይሉናል። የ1954ቱን የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችንን ያረቀቀው የእናንተው ሰው፣ ሰር ቻርልስ ማቲው ነው ስንላቸው መምህሩ ይህን ስም ሰምቶት አያውቅም። «በጣም ደስ ይላል» ብሎ ወደ ቀጣዩ ስላይድ ያልፋል። ከ60 ዓመት በላይ ባለጉዳይ በቀጠሮ የተመላለሰበት ሕግ ነው፤ አንድ ሰዓት ቢመደብለት ምን ነበረበት?

ኧረ በሕግ አምላክ! ከሊደርሺፕ ኮርሶቹ አንዱን አንሱና የመዝገብ አያያዝ አስተምሩን። ከአገር ቤት ለመምጣት የምታስቡም የኮርሱን ስም አይታችሁ አትክፈሉ፤ በውስጡ ያለውን ትምህርት አንድ በአንድ አንብባችሁ፣ ያልገባችሁን ጠይቃችሁ ክፈሉ።