ሲኖትራክ ሻይ ስትጠጣ

የድንጋይ ካባ ላይ የስምሪት ኃላፊ መሆን ማለት ያንተ ያልሆነ መኪና፣ ያንተ ያልሆነ ድንጋይና የማይሰማህ ሾፌር ሲጣሉ መሐል ገብቶ መገላገል ነው። ሱሉልታ አካባቢ ባለ አንድ ካባ ስቀጠር 12 ሲኖትራክ ገልባጮች፣ 12 ሾፌሮችና ጠርዙ የተበላ አንድ ደብተር ተረከብኩ። ደብተሩን የተረከብኩት በፊርማ ነው። ሾፌሮቹ እኔን የተረከቡኝ በሳቅ ነው።

ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። ጃክ ሀመሩ ጥቁሩን ድንጋይ ይሰባብራል፣ ክሬሸሩ ይፈጫል፣ ሎደሩ ይጭናል፣ ሲኖትራኳ ታደርሳለች። አንድ ካሶኒ 16 ሜትር ኩብ ጠጠር ይይዛል፤ ይህ ሲመዘን ወደ 250 ኩንታል ይጠጋል። ከባድ መኪና ቀን ቀን አዲስ አበባ እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ የሥራ ሰዓታችን ከጅብ ጋር አንድ ሆኗል።

እኔ ግን የተማርኩ ሰው ነኝና ማሻሻያ ማምጣት ነበረብኝ። በሌሊት አራት ቢያጆ የጨረሰ ሾፌር ደመወዙን ያገኛል፤ አምስተኛዋን የደገመ ግን ዳጎስ ያለ አበል ይጨመርለታል አልኩ። በሳምንቱ ጠጠሩ ክንፍ አወጣ። የካባው ባለቤት ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «እንዲህ ነው እንጂ!» አለኝ። ሕዝቡ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» የሚላት ለምን እንደሆነ ያን ሰሞን ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረኝም፤ ቢያጆ እየቆጠርኩ ነበር።

ጠጠሩ ሲበዛ ናፍጣው ማነስ ጀመረ። በ2015 ነዳጅ በቴሌብር ሆኗልና የከፈልኩት እስከ ሳንቲሙ ስልኬ ላይ ይታየኛል። የማይታየኝ ናፍጣው ራሱ ነው። ታንከሩ ውስጥ ዘንግ እየከተትኩ ለካሁ፤ ጠዋት ጠዋት ከአንዷ መኪና አንድ ጀሪካን ያህል ይጎድላል። መኪናዋ የሃምሳ አለቃ ናት።

ሃምሳ አለቃ ከጦር ሠራዊት የተሰናበቱ፣ ጢማቸው የሸበተ፣ ከሾፌሮቹ ሁሉ አንጋፋ ናቸው። አንቱ እያልኩ በአክብሮት ጠረጠርኳቸው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ! ባለቤቱን አሳምኜ መኪኖቹ ላይ ጂፒኤስ አስገጠምኩና ሌሊት ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ስልኬ ላይ ቀይ ነጥቦች ሳሳድድ ማደር ጀመርኩ። ሚስቴ «ከሲኖትራክ ጋር ነው የተጋባሁት» ብላ ፊቷን አዞረች።

ነጥቧን ግን ያዝኳት። በየሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ፣ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርደው ቁልቁለት እኩሌታ ላይ ያለች ደልዳላ ጋ ስትደርስ ቀጥ ትላለች። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አትነቃነቅም። «እዚህ ነው የሚቀዳው!» አልኩ።

በማግስቱ ጋቢ ተከናንቤ፣ ከደልዳላዋ በላይ ያለ ባሕር ዛፍ ውስጥ ገብቼ አደባሁ። የሱሉልታ ብርድ ሰላይ ነው ብሎ አይምርም። ጥርሴ ሲንገጫገጭ ውሻ ሰማኝ፤ ውሻው ጓደኞቹን ጠራ፤ ጓደኞቹ ዘበኛውን ጠሩ። «የአጠና ሌባ! ያዘው!» የሚል ድምፅና አንድ ወፍራም ዱላ እኩል ደረሱ። ጋቢዬ ግንድ ላይ ተጠልፎ ቀረ፤ እኔ አስፋልቱ ዳር ተንከባለልኩ። ቀና ስል ሃምሳ አለቃ የሻይ ብርጭቆ እንደያዙ ቁልቁል ያዩኛል።

«ተወው፤ የኛ አለቃ ነው» አሉት ዘበኛውን። «የመጣው ለአጠና ሳይሆን ለኔ ነው።»

ምንም ሳይሉ ወደ መኪናዋ የኋላ ጎማ ወሰዱኝና ጎንበስ ብለው በቸርኬው ቀዳዳ ወደ ታምቡሩ እንትፍ አሉ። ምራቃቸው ጭስስ አለና ጠፋ። የተቃጠለ ሸራ ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። አዲሱ ረዳታቸው ውኃ በሃይላንድ ይዞ ጠጋ ሲል ጮኹበት፤ የጋለ ታምቡር ውኃ ከነካው ይሰነጠቃል።

«ታምቡር ሲግል ይሰፋል፤ ሸራውም መያዝ ይተዋል» አሉኝ። «ፍሬን ትረግጣለህ፤ የረገጥከው አየር ነው። ድሮ በወጣንበት ማርሽ ነበር የምንወርደው። በዚያ ማርሽ ከወረድኩ አምስተኛዋ ቢያጆ የለችም። በፈጣኑ ማርሽ ፍሬን እየረገጥኩ ብወርድ ደግሞ ይኸው እንደምታየው ነው፤ እዚህ ሳላቀዘቅዝ አልፌ እታች ሰው አልፈጅም። በፈለግኩበት ማርሽ ብወርድ ግማሽ ሰዓቷ ትሄዳለች። አበሏም አብራ ትሄዳለች።»

«እና ናፍጣውስ?» አልኩ፤ መቼም ጋቢዬን ያጣሁት በከንቱ እንዳይሆን።

በእጃቸው ደልዳላዋ ዳር ወዳለች ሻይ ቤት አግዳሚ ጠቆሙኝ። ሥሩ ቢጫ ጀሪካን ተቀምጧል፤ አጠገቡ አንድ የሚኒባስ ሾፌር፣ ማደያ ተሰልፎ ከማደር የዳነ፣ ሻዩን ፉት ይላል።

«አልደብቅህም፤ የኔ ነው» አሉ። «አንተ በወረቀት የወሰድከውን በጀሪካን መለስኩት። ከፈለግህ አባረኝ። ግን ከኔ በኋላ የምታስቀምጠው ልጅ እዚህ እንደማይቆም እወቅ።»

መስረቃቸው እውነት፣ ፍሬን ማቀዝቀዛቸውም እውነት። ያልጠረጠረ ቢመነጠር አይገርምም፤ እኔ ግን ጠርጥሬም ተመነጠርኩ። ሻይ አዘዙልኝ። ናፍጣ ናፍጣ ይላል፤ ጠጣሁት።

ሰኞ ደብተሩ ላይ አዲስ ዓምድ አሰመርኩ፦ «ማቀዝቀዣ፣ ግማሽ ሰዓት፣ የሚከፈልበት»። የአምስተኛዋን ቢያጆ አበል ሰረዝኩና ገንዘቡን ደመወዝ ላይ ደመርኩት። ባለቤቱ ደብተሩን ገልጦ፣ «ለሲኖትራክ የሻይ ሰዓት የምከፍለው እኔ ነኝ?» አለ። ሁለት ሳምንት አኮረፈኝ። ጠጠራችን ቀነሰ፤ ናፍጣውም መጉደሉን ቀነሰ። ጀሪካኑ ጭራሽ ጠፋ ብዬ ባወራ ደስ ባለኝ፤ አልጠፋም። አንዳንዴ ዘንጉ እርጥበቱን ዝቅ አድርጎ ያሳየኛል። ሃምሳ አለቃን አየት አደርጋቸዋለሁ፤ እሳቸውም ጢማቸውን ያሻሉ።

የሌሊት እንቅልፌ ግን እንደተበላሸ ቀረ። አሁንም 8 ሰዓት ላይ ብንን እላለሁ። ቀይዋ ነጥብ ደልዳላዋ ላይ ቀጥ ብላ ካየኋት ስልኬን ደፍቼ እተኛለሁ። ሳትቆም ካለፈች፣ አዲሱ ገበያ ደርሳ እስካያት ድረስ ቁጭ እላለሁ።