ስለ ሳሎን ስቴሪዮ አተካከል፣ አያያዝና አከባበር የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! ስማ ስማ ተሰማማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ነጋሪት ተፈልጎ ባለመገኘቱ፣ በላይኛው ፎቅም ሕፃን የተኛ በመሆኑ ይህ አዋጅ በድስት ክዳንና በማንኪያ፣ በለሆሳስ ተጎስሞ ለቤተሰቡ ተነግሯል።

መግቢያ

በአሜሪካ የሚኖረው የቤቱ የበኩር ልጅ ሬዲዮ፣ ሲዲ፣ ፍላሽና ብሉቱዝ የሚያጫውት፣ ሁለት ስፒከሮች ያሉት አነስተኛ ስቴሪዮ ከቫይታሚንና ከጫማ ጋር በሻንጣ የላከ በመሆኑ፤

ዕቃው ከካርቶኑ በወጣ በደቂቃዎች ውስጥ በዚህ የኮንዶሚኒየም ቤት ከነዋሪው ቁጥር የሚበልጡ የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች መኖራቸው የተደረሰበት ሲሆን፣ ከመካከላቸው የአጠቃቀም መመሪያውን ያነበበ አንድም ባለመገኘቱ፣ መመሪያውም ሲፈለግ በሚንገዳገደው የምግብ ጠረጴዛ እግር ሥር በሥራ ላይ ሆኖ በመገኘቱ፤

ከዚህ ቀደም በቤቱ የነበረው ቴፕ አሟሟት ሲጣራ፣ ሟቹ በክፉ ሰው እጅ ሳይሆን በፍቅር ብዛት፣ ማለትም በዳንቴል ታፍኖ፣ በአበባ ማስቀመጫ ውኃ ተጠምቆና በየበዓሉ ያለ ዕረፍት ጮኾ ያለፈ መሆኑ ስለተረጋገጠ፤

የቤቱ ጠቅላላ ጉባኤ በረካ ከመቀዳቱ በፊት ባካሄደው አስቸኳይ ስብሰባ፣ በሙሉ ድምፅና በአንድ ተቃውሞ የሚከተለውን አውጇል። ተቃዋሚው የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሲሆን ተቃውሞው በቃለ ጉባኤ እንዳይያዝ ተወስኗል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የስቴሪዮ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። አባባ ግን «የሬዲዮኑ ጉዳይ» ማለታቸውን ይቀጥላሉ።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፣ «ስቴሪዮ» ማለት ለግራና ለቀኝ የተለያየ ድምፅ በመስጠት ዘፋኙ ከፊት ለፊት የቆመ እንዲመስል የሚያደርግ መሣሪያ ነው። አለን ብሉምላይን የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1931 የፈጠራ መብት ሲጠይቅበት አንዱን ስፒከር ሳሎን፣ ሌላውን ኩሽና ማድረግ እንደሚቻል አልጻፈም። «ዲቫይደር» ማለት ባለብዙ ቀዳዳ ማከፋፈያ ነው፤ በሌላ ዲቫይደር ላይ ከተሰካ በኋላ ግን የእሳት አደጋ ጥሪ ነው። «ባለሙያ» ማለት «ይሄማ ቀላል ነው» ያለ ሰው ነው። «የሚመለከተው አካል» ማለት እማማ ናቸው።

አንቀጽ 3፦ ስለ ቮልቴጅ፣ ማለትም ስለ መጀመሪያው ጭስ

ማንኛውም ሰው ስፒናውን ከመሰካቱ በፊት የስቴሪዮውን ጀርባ አዙሮ የማንበብ ግዴታ አለበት። «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ከተጻፈ እልል ይባላል። «120 ቮልት፣ 60 ኸርትዝ» ብቻ ከሆነ ግን እልልታው ይዘገያል፤ በአገራችን ግድግዳ ውስጥ ያለው 220 ቮልትና 50 ኸርትዝ ነውና።

ልዩነቱ እጥፍ ገደማ ነው ብሎ ማቃለል ክልክል ነው። ቮልቴጁ እጥፍ ገደማ ሲሆን፣ ዕቃው ውስጥ ሙቀት የሚሆነው ኃይል በካሬ ስለሚያድግ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሽታ ከአሜሪካ ዕቃ የተላከለት ቤተሰብ ሁሉ ያውቀዋል።

የጠፍጣፋ እግር ስፒናን በድቡልቡል ቀዳዳ የሚያስገባው፣ በየሱቁ የሚሸጠው ትንሽ አዳፕተር የእግሩን ቅርጽ እንጂ ኤሌክትሪኩን አይለውጥም። «ገባ እኮ!» ማለት በዚህ አዋጅ መሠረት ማስረጃ አይሆንም። የሚያስፈልገው 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ነው፤ መርካቶ ይገኛል፤ ሲገዛም ስቴሪዮው ከሚበላው ዋት እጥፍ ያህል የሚችል ይሁን። ሻጩ «ይሄ ፍሪጅም ይችላል» ቢል አመስግኖ የተጻፈበትን ማንበብ ነው።

ትራንስፎርመሩ ቮልቱን እንጂ ኸርትዙን አይለውጥም። ይህ ለሙዚቃው ብዙም ችግር የለውም። ሆኖም አንዳንድ የቆዩ ባለሰዓት ሬዲዮኖች ጊዜን የሚቆጥሩት በመስመሩ ኸርትዝ ስለሆነ፣ ለ60 የተሠራው በ50 ሲነዳ በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል። በቀጠሮ አከባበር ረገድ ይህ ከቤተሰቡ ልማድ ጋር የሚጣጣም በመሆኑ ጉባኤው ማሻሻያ አላስፈለገውም።

አንቀጽ 4፦ ስለ ዳንቴል

ጉባኤው ረጅሙን ጊዜ የወሰደው በዚህ አንቀጽ ላይ ነው። ስብሰባው ሁለት ጊዜ ተቋርጧል፤ አንድ ጊዜም የሚመለከተው አካል «እኔ ምን አገባኝ፣ እንዳሻችሁ» ብለው ወደ ኩሽና ገብተዋል፤ ይህ ንግግር በዚህ ቤት የሕግ ታሪክ የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ነው።

የመንግሥት፣ ይቅርታ፣ የጉባኤው አቋም እንደሚከተለው ነው። በስቴሪዮው አናትና ጀርባ ያሉት ስንጥቆች ለጌጥ የተሠሩ አይደሉም፤ የአምፕሊፋየሩ ሙቀት የሚወጣባቸው ናቸው። ስለዚህ በአናቱ ላይ ዳንቴል፣ የሠርግ ፎቶ፣ የፕላስቲክ አበባ ወይም የቤቱን ቆጣሪ ካርድ ማስቀመጥ ተከልክሏል። ከግድግዳውም ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ከቡፌው ውስጥ ከሲኒዎች ጋር ተቆልፎበት እንዲዘፍን የቀረበው ሐሳብ ውድቅ ሆኗል።

በስምምነት የተገኘው መፍትሔ ይህ ነው፤ ስፒከሮቹ በውስጣቸው አምፕሊፋየር ስለሌላቸው እንደ ዋናው ክፍል በአናታቸው መተንፈሻ አያስፈልጋቸውም፤ ስለዚህ ዳንቴሉ ከሁለት ተከፍሎ በስፒከሮቹ አናት ላይ ሊነጠፍ ይችላል፤ ዘርፉ ግን ወደ ፊት ተንጠልጥሎ የስፒከሩን አፍ እንዳይሸፍን። በስፒከሩ ጀርባ ያለው ክብ ቀዳዳ የባሱ መውጫ ስለሆነ በሕፃናት ካልሲ መጠቅጠቅ አይፈቀድም። ውኃ ያለበት ማንኛውም ነገር ከስቴሪዮው በላይ አይቀመጥ፤ ጀበናና ከሰልም ከሥሩ አይሁኑ። ዕጣን ይፈቀዳል፤ ርቀት ጠብቆ።

የሚመለከተው አካል ፈርመዋል። ሲፈርሙ አልሳቁም።

አንቀጽ 5፦ ስለ ስፒከሮች

ሽቦዎቹ የሚታሰሩት ስፒናው ከግድግዳ ተነቅሎ ነው። ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር። በአንዱ ስፒከር ላይ ከተገለበጡ ምንም አይቃጠልም፤ ነገር ግን ባሱ ይጠፋል፤ ዘፋኙም መሐል ላይ መቆሙን ትቶ የት እንዳለ አይታወቅም። ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ አሜሪካ ከመደወል በፊት ይህ ይታይ። ከተላጠው ሽቦ አንዲት ቀጭን ክር ወጥታ ጎረቤቷን ሽቦ ከነካች ግን ኮንታክት ነው፤ የሚቃጠለውም አምፕሊፋየሩ ነው። በስቴሪዮው ጀርባ 6 ኦም ተጽፎ ሳለ ከጎረቤት ባለ 4 ኦም ስፒከር ተበድሮ ማሰር የውለታ ጉዳይ ሳይሆን የፊውዝ ጉዳይ ነው።

ሁለቱ ስፒከሮችና አድማጩ እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ይሥሩ፤ ቁመታቸውም ለተቀመጠ ሰው ጆሮ ይሁን። የሦስት ማዕዘኑ ጫፍ የአባባ ወንበር መሆኑ ለክርክር አይቀርብም።

አንቀጽ 6፦ ስለ አንቴናና ስለ ሞገድ ነፃነት

ከካርቶኑ የወጣው ቀጭን ሽቦ የዕቃ ማሰሪያ አይደለም፤ የኤፍኤም አንቴና ነው። ኤፍኤም ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርትዝ ባለው ክልል ስለሚሠራ ሞገዱ 3 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ሽቦው ብዙውን ጊዜ 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆነውም የሞገዱ ሩብ እንዲሆን ነው። ስለዚህ ጠቅልሎ በላስቲክ ማሰር ክልክል ነው፤ ተዘርግቶ፣ በመስኮት በኩል፣ ጥሩ በሚሰማበት አቅጣጫ ይለጠፍ። ለ102.1 የተስተካከለን ሽቦ ለ98.1 ሲባል የነቀነቀ ሰው ወደ ነበረበት የመመለስ ግዴታ አለበት። ጣቢያው ከሩቅ ሲመጣና ስቴሪዮው ሲያንሾካሹክ ወደ ሞኖ ይዞር፤ ግራና ቀኙ ይጠፋል፤ ጩኸቱም አብሮ ይቀንሳል።

ሽቦውን በበረንዳ አውጥቶ ከቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከዲሽ ወይም በመብራት መስመር አጠገብ ከሚያልፍ ማንኛውም ነገር ጋር ማሰር በፍጹም የተከለከለ ነው። በክረምት ነጎድጓድ ሊጀምር ሲል አንቴናውም ስፒናውም ይነቀሉ፤ ነጎድጓዱ ሳይጀምር።

በዚህ አጋጣሚ ጉባኤው አንድ የውጭ ጉዳይ ተመልክቷል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ አንዳንድ ሬዲዮዎች በኤፍኤም ላይ የሚዘልሉት በ0.2 ሲሆን የሚያርፉትም ጎዶሎ ቁጥር ላይ ብቻ ነው። 97.1፣ 98.1 እና 102.1 ጎዶሎ በመሆናቸው ቤተሰቡ ተርፏል። 107.8 ግን ሙሉ ቁጥር ነው፤ ሬዲዮው አንድ ጊዜ ከሥሩ አንድ ጊዜ ከላዩ እየቆመ ያልፈዋል። በመካከለኛ ሞገድም አሜሪካ በ10፣ አፍሪካ በ9 ኪሎኸርትዝ ስለሚራመዱ የኢትዮጵያ ሬዲዮን 873 የሚፈልግ ሰው 870 ላይ ቆሞ ይቀራል። በጀርባው ወይም በምናሌው ውስጥ 9/10 የሚል መቀየሪያ ካለ ወደ 9 ይዞር። ከሌለ አባባ እንዳይነገራቸው።

አንቀጽ 7፦ ስለ መብራት

መብራት ከዚህ አዋጅ ተፈጻሚነት ውጭ ነው። ጉባኤው ሥልጣኑን ያውቃል።

ቢሆንም መብራት ሲሄድ ከቤተሰቡ አንድ ሰው «ሄደ!» ብሎ ከመጮኹ በፊት የስቴሪዮውን ስፒና ይነቅላል፤ ማጥፊያውን መጫን ብቻ በቂ አይደለም። ሲመጣም «መጣ!» የሚለው ጩኸት በሕግ የተፈቀደ ቢሆንም ስፒናው ግን አምስት ደቂቃ ያህል ይጠብቃል። ምክንያቱም በዚያች ቅጽበት የሰፈሩ ፍሪጅ ሁሉ ባንድ ላይ ይነሣል፤ ቮልቴጁም ከፍ ዝቅ እያለ ይንገዳገዳል። ስታብላይዘር ያለው ይጠቀም፤ የሌለው ይታገሥ።

የእንጀራ ምጣድና ስቴሪዮ በአንድ ዲቫይደር ላይ አይውሉም። ምጣዱ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይስባል፤ «10 አምፒር» ተብሎ የተጻፈበት ዲቫይደር በ220 ቮልት የሚችለው 2200 ዋት ነው። ሂሳቡን የ9ኛ ክፍል ተማሪው ሠርቶታል፤ ከተቃውሞው በተቃራኒ ይህ በቃለ ጉባኤ ተይዟል።

አንቀጽ 8፦ ስለ ሰዓት

መብራት በሄደ ቁጥር የስቴሪዮው ሰዓት 12:00 እያለ ይጠቅሳል። ጠዋት 12 ሰዓት የሆነ መስሎት ማንም አያመስግነው። ማንቂያውን የሚሞላ ሰው መሣሪያው የፈረንጅ ሰዓት እንደሚቆጥር ያስታውስ፤ ለጠዋቱ 12 ሰዓት ብሎ በእንግሊዝኛው የጠዋት 12 ላይ የሞላ እንደሆነ ቤቱን ሁሉ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ በሙሉ ድምፅ ያስነሣል። ይህ በሙከራ ተረጋግጧል፤ ሙከራው አይደገምም።

አንቀጽ 9፦ ስለ ሪሞት

ይህ አንቀጽ ፌዝ የለበትም። የብዙ አነስተኛ ስቴሪዮዎች ሪሞት የሚሠራው ሲአር 2025 በምትባል፣ ወርዷ 20 ሚሊ ሜትር በሆነች ጠፍጣፋ ባትሪ ነው። ሕፃን ከዋጣትና ጉሮሮው ውስጥ ከቆመች በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ልታቃጥል ትችላለች። መክደኛው ከላላ በፕላስተር ይታሰር፤ ያለቀችው ባትሪም ከመሳቢያ ውስጥ አትጣል። ዋጠ ተብሎ የተጠረጠረ ልጅ ጠዋት እስኪሆን አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ይሄዳል።

አንቀጽ 10፦ ስለ ድምፅ ከፍታ

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በ80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው። በዚህ ቤት ዴሲቤል መለኪያ ስለሌለ የሚከተለው ይሠራል፤ በአንድ ክንድ ርቀት የተቀመጠ ሰው «ምን አልክ?» ካለ ድምፁ ይቀንስ። ስቴሪዮው ከመጥፋቱ በፊት ድምፁ ወደ ታች ይመለስ፤ ቀጥሎ የሚያበራው ሰው ልብ አለው።

አንቀጽ 11፦ ስለ ቅጣት

«ውስጡን ልየው» ብሎ ስቴሪዮውን በካቻቪቴ የከፈተ ማንኛውም ሰው፣ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዘው ሊቆዩ እንደሚችሉ፣ የሲዲው ሌዘርም በዓይን የማይታይ መሆኑ በቃል ይነገረዋል፤ ከዚያም ለመጪው በዓል የዶሮ ወጥ ሽንኩርቱን በሙሉ ብቻውን ይከትፋል። ይግባኝ ለሚመለከተው አካል ይቀርባል።

አንቀጽ 12፦ የተሻሩ ልማዶችና አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ሲንኮሻኮሽ በጥፊ መምታትን ጨምሮ ከዚህ አዋጅ ጋር የሚቃረን ማንኛውም ልማድ ተሽሯል። አዋጁ በፍሪጁ በር ላይ ከተለጠፈበት ጊዜ ጀምሮ የጸና ይሆናል። የአጠቃቀም መመሪያው ከጠረጴዛው እግር ሥር ወጥቶ የዚህ አዋጅ አባሪ እንዲሆን ተወስኗል፤ አፈጻጸሙ ግን ተተኪ ካርቶን እስኪገኝ ድረስ ታግዷል።

የጉባኤው ሰብሳቢ ፊርማ፦ በሻማ ብርሃን የተፈረመ ስለሆነ ቢንጋደድም የአዋጁን ሕጋዊነት አያጎድልም።