የቁራ መልእክተኛ

አንኮበር ውስጥ ያለ ጉዳይ መሄድ አይቻልም። የከለከለ ሕግ የለም፤ የሚከለክለው ሰላምታው ነው። "እንደምን አደርክ" ካሉህ በኋላ "ወዴት ነህ?" ይከተላል፤ ለዚህ ደግሞ መልስ ያስፈልግሃል። ገበያ፣ ለቅሶ፣ ወፍጮ ቤት፣ ቀበሌ፣ የጠፋ በግ፣ ከእነዚህ አንዱን ከጠራህ መንገዱ ይከፈትልሃል። "ዝም ብዬ ነው የምሄደው" ያልክ እንደሆነ ግን ጠያቂው አህያውን ያቆማል፣ ከእግርህ እስከ ራስህ ያይሃል፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ቤት ሰላም ነው?" ይልሃል።

ለዚህ ጣጣ የዳረገኝ ሐኪም ነው። አዲስ አበባ ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ፣ ጡረታ ወጥቼ፣ ወደ ትውልድ መንደሬ ከተመለስኩ ብዙም አልቆየሁም። ስኳርህ ከፍ ብሏልና በቀን አንድ ሰዓት ተራመድ አለኝ። ሐኪሙ ይህን ያለኝ ሜዳ ላይ በተሠራ ሕንፃ ውስጥ ተቀምጦ ነው። አንኮበር ሜዳ የለውም። ከደጄ ወጥቼ ወደ ግራ ካልኩ ሽቅብ፣ ወደ ቀኝ ካልኩ ቁልቁል ነው። ቁልቁሉን ዝም ብዬ ከተከተልኩት አልዩ አምባ ገበያ ያደርሰኛል፤ ከዚያ ወዲያ አፋር ነው። ስለዚህ ሽቅቡን መረጥኩ፤ ከጎረቤላ ተነሥቶ የእነ ሣህለ ሥላሴና የምኒልክ ቤተ መንግሥት ወደ ነበረበት ኮረብታ የሚወጣውን።

ለሰላምታው መላ ያበጁልኝ ጎረቤቴ እማማ ናቸው። "አንተ ልጅ" አሉኝ፤ ስድሳን ያለፈ ሰው አንተ ልጅ ሲባል ደስ ይለዋል፤ "መሄድህ ካልቀረ እግረ መንገድህን ጉዳይ ልስጥህ።" ከዚያ ቀን ወዲህ "ወዴት ነህ?" ሲሉኝ "እማማ ልከውኝ" እላለሁ። መንገዱ ወለል ይላል።

የመጀመሪያው ጉዳይ ዳማከሴ ነበር። የልጅ ልጃቸውን ምች መትቶት ነው። ሠላሳ ዓመት የቅጠል አሠራር በጠመኔ የሣልኩ፣ ፎቶሲንተሲስን ተኝቼ የማስረዳ ሰው፣ ዳማከሴን ከሌላው ቁጥቋጦ መለየት ያቅተኛል ብዬ አልጠረጠርኩም። አንድ እቅፍ ቆርጬ በኩራት አመጣሁ። እማማ አንዷን ቅጠል በጣታቸው አሸት አድርገው አሸተቱና "ይኼ የፍየል ምሳ ነው" አሉኝ። ልጁን ልከው አስመጡ። በምች የተመታውን ልጅ ማለቴ ነው።

በሁለተኛው ለጨው ላኩኝ። መንገድ ላይ ከአንድ ቁራ ጋር ተገናኘን። የአንኮበር ቁራ እንደ ከተማው ቁራ ተራ አይደለም፤ ዶሮ የሚያክል፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ጣል ያደረገ፣ መንቁሩ መዶሻ የመሰለ፣ ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ ሌላ አገር የማይታወቅ ጌታ ነው። የወደቀ በቆሎ ይሁን ሌላ ነገር፣ አንድ ነገር ከድንጋይ ሥር አውጥቶ፣ መልሶ ደብቆ፣ እንደገና አውጥቶ፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ሌላ ቦታ ደበቀ። የት እንደሚያበቃ ለማየት ቆምኩ። ስመለስ እማማ ወጣቸውን ያለ ጨው አውጥተው ነበር። "የቁራ መልእክተኛ!" አሉኝ። ኖኅ የላከው ቁራ ውሃው ጎድሎ እንደሆነ አይቶ እንዲመጣ ነበር፤ ቀረ። አዳሜ እስከ ዛሬ በዚያ ይወቅሰዋል። እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ አልፈርድበትም። ምን እንዳየ ማን ያውቃል?

ስሙ ከወጣልኝ አይቀር ብዬ ደብተር ገዛሁ፤ ያየሁትን ከነቀኑ ልመዘግብ። የክረምቱ ገጾች እነሆ፦ "ሰኔ 22፤ ጉም። ሰኔ 23፤ ጉም። ሰኔ 24፤ ጉም፣ ውስጡ ላም።" ሐምሌም ከዚህ አይሻልም። የአንኮበር ጉም ከቆላው እየተነሣ ገደሉን ወጥቶ እንደ እንግዳ ደጅ አንኳኩቶ የሚገባ ጉም ነው፤ ገብቶም እንደ ዘመድ ይከርማል።

ደብተሩ ግን ሌላ መዘዝ አመጣ። ቤተ መንግሥቱ ከነበረበት ዛሬ የቀረው የግድግዳ ፍራሽ ነው። በዚያ ፍራሽ ዙሪያ መሬት መሬት እያየ፣ ጎንበስ እያለ፣ ደብተር ላይ የሚጽፍ ሰው ምን እንደሚፈልግ ለአንኮበር ሰው አይነገረውም። አንድ ማለዳ አንድ ሽማግሌ ተከትለውኝ ወጡ፤ ተነፈሱ፤ ግራ ቀኙን አዩ፤ ልክ እንደ ቁራው።

"ወንድሜ፣ ያው ሰው አይሰማንም። እኩል አልልህም። ሲሶ ይበቃኛል።"

"የምኑን ሲሶ?"

"የወርቁን ነዋ! ምኒልክ የቀበሩትን።"

ምኒልክ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦም በ1886 እ.ኤ.አ. ወደ ተቆረቆረችው አዲስ አበባ ሲሄዱ ጠቃሚውን ሁሉ ጭነው እንደሄዱ፣ እኔም ኮሶው ማበቡን ልጽፍ እንደመጣሁ ነገርኳቸው። ሽማግሌው አዘኑብኝ። ለኮሶ ብሎ ዳገት የወጣ ሰው አላዩም። ሲወርዱ "ሩብም ቢሆን" ብለው ነበር።

ኮሶ ግን ዳገት ያስወጣል። አበባው እንደ ወይን ዘለላ ተንዠርጎ ቀይ ሆኖ ሲወርድ ያላየ ሰው በስሙ ብቻ ፊቱን ያጨማድዳል። የተፈረደበት በመድኃኒትነቱ ነው፤ ጥሬ ሥጋ የሚወድ አገር በየጊዜው የኮሶ ትሉን የሚያራግፍበት እሱ ነበርና፣ ንጉሥም ይሁን ባላገር ያን ቀን እኩል ይዋረድ ነበር። አሁን ክኒኑ መጥቶ ዛፉ እፎይ ብሏል። ሰው ግን የአያቱን ቂም ይዞ እስከ ዛሬ ቀና ብሎ አያየውም።

መስከረም ሲጠባ ጉሙ ተነሣ፤ ደብተሬ ሥራ በዛበት። አደይ አበባ ተዳፋቱን ቢጫ ቀባችው። ስለ አደይ ምንም አልጨምርም፤ በየዓመቱ ሬዲዮኑ ይበቃታል። እኔን ያሳዘነኝ የአጎቷ ልጅ ጭጎጎት ነው። በእጽዋት ዝምድና ከተቆጠረ ከአደይ ጋር የአንድ ወገን ልጆች ናቸው። እሷን በዘፈን ይቀበሏታል፣ እንግጫ ጎንጉነው ያጅቧታል፣ ከሳምንታት በኋላ ጥላን ትሄዳለች። እሱ ማንም ሳይዘፍንለት ሱሪህን ይዞ ቤትህ ድረስ ይሸኝሃል።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ወደ መስቀል ወፍ።

በእኛ ሠፈር የመስቀል ወፍ የምንለው ጥቁር ለብሶ ትከሻውና ወገቡ ላይ ቢጫ ጣል ያደረገ፣ ከረዣዥሙ ሣር ላይ ብድግ እያለ፣ ላባውን ነፍቶ እየተንቀጠቀጠ የሚያርፍ ጉረኛ ነው። በክረምቱ ማብቂያ ይታያል፤ ከዚያ ይጠፋል። በዓመት አንዴ ብቅ የሚል ሰው በስሙ ይሰደባል። እኔ ራሴ ለሠላሳ ዓመት በእሱ ስም ስሰደብ ኖሬያለሁ፤ ከአዲስ አበባ ለደመራ መጥቼ በማግሥቱ ስመለስ እናቴ ነፍሷን ይማርና "የመስቀል ወፌ፣ በል እንግዲህ የከርሞ ሰው ይበለን" ትለኝ ነበር። ክፍል ውስጥም "የመስቀል ወፍ ከሩቅ አገር መጥቶ የሚመለስ ፍልሰተኛ ወፍ ነው" ብዬ ያስተማርኳቸው ልጆች አሉ። አንዳንዶቹ ዛሬ ሐኪሞች ናቸው። ምናልባት ተራመድ ያለኝም አንደኛው ይሆናል።

ጥቅምት ገባ። ጥቅምትን የምመዘግበው ስለ አጥንቱ ነው። ውርጩ ጀምሯል፤ እኔም ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ገደሉ አፍ ላይ ቆሜ፣ "በጥቅምት አንድ አጥንት" የሚለውን እያሰብኩ ሳለ ከሰማይ አጥንት ወረደ። ተረት አይደለም፤ ሃያ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ወድቆ ቷ! አለ። ቀና ብል ጺም ያለው ያ ትልቁ አሞራ ክንፉን ዘርግቶ እየዞረ ወረደ፤ ስብርባሪውን ለቃቅሞ እንዳለ ዋጠው። ዋና ምግቡ አጥንት ነው፤ ትልቅ የሆነበትን ወደ ላይ ይዞ ወጥቶ ዓለት ላይ ይለቀዋል። እኛ በጥቅምት አንዷን የምንመኘውን እሱ ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ይኖርበታል። ሮጬ ለእማማ ነገርኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝና "በርበሬውስ?" አሉኝ።

ገብሱ ሲያሽት ከትምህርት መልስ ጭላዳ የሚጠብቅ አንድ ልጅ አለ። ጭላዳ ሣር በል ነው፤ ከዚህ አገር ውጪም የለም፤ ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ሣሩን እየነጨ ሲንፏቀቅ ያየው ጉልት የዋለች ቸርቻሪ ይመስለዋል። ሆኖም ገብስም ለእሱ ሣር ነው። ልጁ ወንጭፉን አንገቱ ላይ አድርጎ፣ እኔ ደብተሬን ይዤ፣ አብረን እንቀመጣለን። ኅዳር ላይ አጥሩ ላይ አንድ ጉድ አረፈ። ድንቢጥ እንዳልል ጥቁር አለበት፤ የመስቀል ወፍ እንዳልል ቡናማ ነው። እዚህም እዚያም የተጣፈ፣ ግማሽ ልብሱን ያወለቀ ነገር።

"ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?"

"የመስቀል ወፍ ነዋ፣ ጋሼ።"

"የመስቀል ወፍ እኮ ሄዷል።"

ልጁ ለእኔ አፈረልኝ። "የት ይሄዳል? ልብሱን እያወለቀ ነው። ሲጨርስ ሚስቱን ይመስላል። ያውና ሚስቱ።" ከአጥሩ ሥር ቡናማ፣ ጭረት ጭረት ያለባቸው፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያቸው ወፎች ገለባ ይለቅማሉ። ዓመቱን ሙሉ ሳያቸው ነበር። ደብተሬ ላይ "ድንቢጥ መሳይ፣ ብዙ" ብዬ አልፌያቸዋለሁ። ወንዱ ለጋብቻ ወቅት ካባውን ይደርባል፤ ወቅቱ ሲያልፍ ካባውን አውልቆ ከእነርሱ ጋር ገለባውን ይጭራል። ስሙን ያጠፋነው በከንቱ ነው። የመስቀል ወፍ ሄዶ አያውቅም። የሄድኩት እኔ ነኝ።

"እናንተ ይኼን ማን አስተማራችሁ?" አልኩት።

"ማን ያስተምረናል? እዚሁ ነን።"

ከዚህ በኋላ ልጁን መምህሬ አድርጌ አንድ ልመና አቀረብኩ፤ የአንኮበርን ወፍ እንዲያሳየኝ። ከተማችን በስሟ የሚጠራ ወፍ እንዳላት ብዙ ሰው አያውቅም። ይህን ወፍ ልብ ያለው ጆን አሽ የተባለ የእንግሊዝ ሰው ነው፤ በ1976 እ.ኤ.አ. አገኘው፣ በ1979 በሳይንስ ስሙ ተጻፈ። ነገሩ የሚያስቀው እዚህ ላይ ነው። ልክ ከመቶ ዓመት በፊት፣ በ1876 እ.ኤ.አ.፣ የኢጣሊያ ጂኦግራፊ ማኅበር መልእክተኞች በማርኪዝ አንቲኖሪ መሪነት ወደ ሸዋ ተነሥተው ነበር። አንቲኖሪ ወፍ አዋቂ ነው። ምኒልክ እዚሁ አጠገባችን ልጥ ማረፊያ ላይ መሬት ሰጡት፤ ወፍ ሲሰበስብ ኖሮ በ1882 እዚያው ሞተ። ማኅበሩም ቦታውን ይዞ ቆየ። ይኼ ሁሉ ወፍ አዳኝ እዚህ ሲከርም የእኛው ወፍ ገደሉ አፍ ላይ ፍሬውን እየለቀመ ስም ሳይወጣለት መቶ ዓመት አለፈው።

ጥር ላይ ከልጁ ጋር ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ በኩል ወደ ደጋው ጫፍ ወጣን። ብርዱ ጥርስ ያፋጫል። ጅብራው እዚህም እዚያም ተገትሯል፤ ዓመታት ቆይቶ አንዴ ብቻ ያንን ረጅም አበባውን ያቆምና ይሞታል። እኔም አጠገቡ እንደ ጅብራ ተገተርኩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ከገደሉ ሥር ጥቂት ወፎች ብር ብለው ወጥተው ሣሩ ላይ አረፉ። ትንንሽ፣ ቡናማ፣ ጭረት ጭረት ያለባቸው። ቢጫ የለ፣ ቀይ የለ። ትንፋሼን ዋጥኩ።

"እነዚህን ስማቸውን ማን ትሏቸዋላችሁ?" አልኩ በሹክሹክታ።

"ወፍ።"

"ሌላ ስም የላቸውም?"

አሰበ። "ትንንሽ ወፍ።"

እነዚህን ለማየት ሰዎች ባሕር ተሻግረው እንደሚመጡ ነገርኩት። ወፎቹን አየ፣ እኔን አየ፣ ወፎቹን አየ። "እናንተ አገር ወፍ የለም ወይ በላቸው" አለኝ።

ማታ ለእማማ ሁሉንም ተረኩላቸው። ወፍ በከተማችን ስም መጠራቱን ወደዱት። ወፉ ቆይቶ ሰሜን ተራሮች ላይም መገኘቱን ስነግራቸው ግን ቅር አላቸው፤ "ስማችንን ይዞ ጎንደር ገባ በለኛ" አሉ። ስለ መስቀል ወፉም ነገርኳቸው። "ታዲያ ይኼን ዛሬ ነው የምታውቀው? እናትህ ስንት ዓመት እሱን እያየች ነው አንተን የምትጠብቀው" ብለው ቡናቸውን ቀዱ።

ይህን የምጽፈው ከፍራሹ ግድግዳ ሥር ተቀምጬ ነው። የካቲት ነው፤ በልግ ሊጥል ደመናው ከቆላው እየወጣ ነው፤ አጥሩ ላይ ሦስት "ድንቢጥ መሳይ" አሉ፤ የትኛው ወንድ እንደሆነ ገና አልለየሁም። እማማ ለክብሪት ልከውኝ ነበር። ከወጣሁ ሁለት ሰዓት ሆኖኛል።