ሞተሩ ሳይጠፋ ጎንደር

ዐፄ ፋሲል በ1636 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ጎንደርን ሲቆረቁሩ አንድ ከባድ ስሕተት ሠርተዋል፤ ንጉሥ አንድ ቦታ እንዲቀመጥ አደረጉ። ከእሳቸው በፊት የነበሩት ነገሥታት ለዘመናት ድንኳን እየነቀሉ ድንኳን እየተከሉ፣ የሰፈሩበት አገር እህሉና እንጨቱ ሲያልቅ ወደ ሌላው እየተሻገሩ ነበር የሚኖሩት። ፋሲል ግን ድንጋዩን በኖራ አያይዘው «ከእንግዲህ እዚሁ ነኝ» አሉ። ይህ ስሕተት ከሦስት መቶ ሰባ ዓመት በላይ መላ ሳያገኝ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ያረመው ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ ነው። ዛሬ በጎንደር ጎብኚ የሆነ ሰው አንድ ቦታ ላይ ከአሥር ደቂቃ በላይ ቁጭ እንዲል አይገደድም።

ነገሩ ኮንትራት ይባላል። ጠዋት ፒያሳ ላይ፣ ወይም ጃን ተከል ዋርካው አካባቢ፣ ሰማያዊዋ ባጃጅ ዘርፍ የተንጠለጠለበትን መጋረጃዋን እያወዛወዘች ትቆማለች። የፊት መስታወቷ በግራ ድንግል ማርያም፣ በቀኝ የአርሰናል አርማ ተለጥፎበታል፤ መሐል ላይ ለሾፌሩ መንገድ የምታሳይ ትንሽ ቦታ ተርፋለች።

«ጋሸ፣ ግንብ፣ ሥላሴ፣ መዋኛ፣ ቁስቋም… ሙሉ ኮንትራት ልውሰዳችሁ?»

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«እንደናንተ ነው። ሁለት ሰዓት ይበቃል።»

«አንድ ሰዓት ተኩል አይበቃም?»

«እሽ፣ ይበቃል።»

በገበያ ወግ ሸማች የሚሟገተው እንዲመረቅለት ነው። ሽንኩርት የገዛች ሴት «በይ መርቂልኝ እንጂ» ሳትል አትሄድም፤ ጤፍ የሚያስለካው ሰውየም ዓይኑን ከሚዛኑ ላይ አይነቅልም። ለከፈለበት ዕቃ «ቀንስልኝ» የሚል ደንበኛ የተገኘው በጉብኝት ብቻ ነው። ዋጋውንም ጊዜውንም አስቀንሶ፣ ግማሽ ጎንደር በግማሽ ዋጋ ገዝቶ፣ ያሸነፈ መስሎት ከኋላ ወንበር ላይ ይደላደላል።

ደንበኛው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ለሁለት ቀን ወርክሾፕ ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ ነው። በመርሐ ግብሩ ላይ ከምሳ በኋላ የተጻፈው «የቡድን ውይይት» ምን ማለት እንደሆነ ከልምድ ያውቃል። ስሙ የተጻፈበትን ባጅ ከአንገቱ ሳያወልቅ ይሳፈራል፣ ለሻይ ሰዓት ይመለሳል፣ አበሉን ይፈርማል። ሁለተኛው ከቨርጂኒያ ወይም ከሜሪላንድ የመጣው ዲያስፖራ ነው። ከሦስት ሳምንት ዕረፍቱ ሁለቱ ለልቅሶና ለሠርግ ሄደዋል፤ ቀሪውን ለቤት ዕቃ ግዢና ለመሬት ጉዳይ መድቦታል። ለአራት ምዕተ ዓመት ገደማ ታሪክ ግማሽ ቀን መቆጠቡ ያስመሰግነዋል። ልጆቹንም ይዟል፤ «ታሪካቸውን ይወቁ» ብሎ። ልጆቹ ታሪካቸውን ታብሌት ላይ አቀርቅረው እየተጫወቱ ያውቁታል።

ባጃጅ ለሥነ ሕንፃ ያበረከተችውን የታሪክ ምሁራን ገና አላጠኑላትም። የፋሲል ግንብ ማማ ወደ 32 ሜትር ከፍ ይላል። የባጃጅ ሸራ ደግሞ በተሳፋሪው ቅንድብ ልክ ይወርዳል። ከውስጥ ሆኖ ወደ ውጭ ለሚያይ ሰው የሚታየው ከግንቡ የመጀመሪያው አንድ ሜትር ተኩል ነው፤ ቀሪው ሠላሳ ሜትር ሸራ ይሆንበታል። እናም በኮንትራት ለመጣው ጎብኚ የዐፄ ፋሲል ቤተ መንግሥት ደህና አጥር ያህላል። መድኃኒቱ ስልኩን በመጋረጃው ሥር አውጥቶ ወደ ላይ ማዞር ነው። እጁ ይወጣል፣ እጁ ያያል፣ እጁ ይመለሳል። የእጁ ባለቤት አልተነቃነቀም።

ከባጃጁ የሚወርድ ጎብኚም አለ፤ ለእሱ ደግሞ ጥፋቱ የነገሥታቱ ነው። አጥሩን 900 ሜትር ያህል አዙረው፣ 12 በር ሲያወጡለት ለሁሉም አስበዋል፤ ለፈራጁ ወምበር በር፣ ለእምቢልታ ነፊው እምቢልታ በር፣ ለሙታን መታሰቢያ ተዝካሮ በር፣ ለፈረስ አዛዡ ባልደራስ በር። የባጃጅ በር ግን የለም። ደግሞ ከ7 ሄክታር ግቢ ውስጥ ዕቃ ማውረጃ የሚሆን ቦታ እንኳን ሳይተዉ፣ እያንዳንዱ ንጉሥ የአባቱን ቤት መውረስ ትቶ ጎኑ ሌላ እየገነባ ሄደ። የዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የኢያሱ ግንብ፣ የዳዊት የዘፈን አዳራሽ፣ የበካፋ የግብር አዳራሽ፣ የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ። ይህ ሁሉ በእግር! ደንበኛው መግቢያው ላይ ለሾፌሩ «ሞተሩን አታጥፋው፣ አሁን መጣን» ብሎ መግባቱ አይፈረድበትም። አንገቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ አስጎብኚ ጠጋ ብሎ ሰላምታ ሲሰጠው «ከባጃጁ ጋር ነን» ይላል፤ ባጃጇ የታሪክ ትምህርት ክፍል ምሩቅ ናትና።

እዚያ ውስጥ ሊነገር የሚችለው ብዙ ነው። የዐፄ ኢያሱ ግንብ በዝሆን ጥርስና በወርቅ አጊጦ እንደነበር ይተረካል፤ በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፤ ጣሊያን ገብቶ ግቢውን ጠቅላይ ሠፈር ሲያደርገው፣ በ1941 ደግሞ እንግሊዝ ጣሊያንን ሊያስወጣ ቦምብ ጣለበት። ጣራ አልባ ሆኖ ቀረ። የኮንትራቱ ጎብኚ ፊቱ ቆሞ ቀና ይልና ለባልንጀራው «ይሄኛው ግን አላለቀም እንዴ?» ይለዋል። «በጀት አልቆ ይሆናላ።» ሁለቱም ከፕሮጀክት ቢሮ የመጡ ናቸው፤ ነገሩ ወዲያው ገባቸው።

ወደ ባጃጁ ሲመለሱ ሾፌሩ አንድ ቃል ጣል ያደርጋል፤ «ፖርቹጋሎች ናቸው የሠሩት።» ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ፋሲል የፖርቹጋሎቹን ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ከአገር ያባረሩት ከተማዋን ከመቆርቆራቸው በፊት እንደሆነ የሚያነሳ የለም፤ ቢነሳም ሞተሩ ያሰጥመዋል። ይልቅ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ግንቡን የሠሩት ከህንድ የመጡ ግንበኞች ናቸው ብሎ ጽፏል፤ አብረዋቸው ከኢየሱሳውያኑ ሙያ የቀሰሙ ያገሬው ሰዎች ነበሩ ይላል። ይህ ከሆነ ነገሩ ሁሉ በአንድ እጅ ተጀምሮ በአንድ እጅ አለቀ፤ ህንድ ገነባ፣ ህንድ በባጃጅ አስጎበኘ።

ከዚያ ደብረ ብርሃን ሥላሴ። ከመሐል ከተማ ለእግረኛ ግማሽ ሰዓት የማይሞላው መንገድ በባጃጅ የአንድ ዘፈን ዕድሜ ነው። በ1888 ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥልና አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያነድ ይህችን ቤተ ክርስቲያን ያዳናት የንብ መንጋ ነው ይባላል፤ ንቦቹ ወጥተው ወራሪውን በሩ ላይ መለሱት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ማድረግ ግድ ይላል። የባጃጅ አያት የምትባለው ተሽከርካሪ በ1948 በጣሊያን ፒያጆ የተባለው ፋብሪካ ያወጣት አፔ ናት፤ የህንዱ ባጃጅም በ1960ዎቹ የጀመረው በፒያጆ ፈቃድ ነበር። «አፔ» በጣሊያንኛ «ንብ» ማለት ነው። ያኔ ወራሪ የመለሱት ንቦች የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ ወራሪውን ሦስት ሦስት አድርገው እየጫኑ እስከ ቅጥሩ በር ያደርሱታል።

በሩ ላይ ችግር አለ፤ ጫማ መውለቅ አለበት። የወርክሾፑ ባለሙያ የለበሰው ባለ ማሰሪያ ቆዳ ጫማ ነው። ጎንበስ ብሎ አንዱን ፈታ፣ ሁለተኛውን ሲጀምር ሰዓቱን አየ፣ የፈታውን መልሶ አሰረ። «በር ላይ ሆኜ አየዋለሁ።» ከበር ላይ የሚታየው ጨለማ ነው። ጫማውን ያወለቀው ዲያስፖራ ግን ገባ፤ ጣራው ላይ ተደርድረው ዓይናቸውን ወደየአቅጣጫው የላኩትን የመላእክት ፊቶች ቀና ብሎ አየ። ሊቃውንትም መንገደኞችም ስንት እንደሆኑ ቆጥረው እስከ ዛሬ በአንድ ቁጥር አልተስማሙም። እሱ ክርክሩን በአራት ሰኮንድ ዘጋው፤ «ብዙ ናቸው» አለ። ፍላሽ ክልክል መሆኑን የነገሩት ካበራ በኋላ ነው። ውጭ ባጃጇ ሁለቴ ጮኸች።

መዋኛው ጋ ደግሞ ውሃ የለም። በዓመቱ አብዛኛው ቀን የለም፤ ለጥምቀት ነው ከቀሃ ወንዝ እየተጠለፈ የሚሞላው። በዩኔስኮ በ2019 የተመዘገበው የጥምቀት በዓል ጎንደር ላይ የሚደምቀው በዚሁ ገንዳ ነው። «አሁን ቢሞሉት ምን ነበረበት?» ብሎ የሚያዝን ጎብኚ ብዙ ነው፤ ጥር 11 ለምን ጥር 11 ላይ እንደዋለ ግልጽ አልሆነለትም። ቅጥሩን የያዙት የዛፍ ሥሮች ግን ይታያሉ። እንደ ሽማግሌ እጅ ጅማታቸው ተገትሮ፣ በድንጋዩ መሐል ጣታቸውን ሰደው፣ ግንቡን ያፍርሱት ይደግፉት ሳይለይ ተቃቅፈውታል። አንድ ሥር ብቻ ከላይ እስከ ታች በዓይን ለመከተል አምስት ደቂቃ ይፈልጋል። አምስት ደቂቃ በኮንትራቱ ውስጥ የለም።

አጠገቡ ጉልላት ያላት አንዲት ትንሽ ሕንፃ አለች፤ በአፈ ታሪክ የዞብል የተባለ የንጉሥ ፈረስ መቃብር ናት። ያ ዘመን ጌታውን የተሸከመ እንስሳ ጉልላት ይሠራለት ነበር። የዛሬው ጌታ ግን ለተሸከመችው ባጃጅ መጠበቂያ ሃምሳ ብር ጨምር ሲባል፣ በአንድ ሺህ ዶላር የገዛውን ስልክ ኪሱ ከትቶ «ምን አስጠበቅንህና!» ይላል።

ቁስቋም ዳገት ነው፤ ባጃጇ ትንፋሽ አጥሯት በአንደኛ ማርሽ ታጉረመርማለች። ከሾፌሮቹ መሐል በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ሆኖ የዞረ፣ በዓታ ደጅ አቋቋም የጀመረ አይጠፋም፤ የዛሬውም ከነዚያ አንዱ ነው። ስለዚህ ቦታ ያውቃል። የበካፋ ሚስት ባሏ ሲሞት እዚህ ቤተ መንግሥት እንደሠራች፣ ልጇና የልጅ ልጇም አጠገቧ እንዳረፉ፣ በካፋ ራሱን ለውጦ በየመንደሩ ይዞር እንደነበር ሊነግራቸው አፉን ከፈተ።

«ይሄ የማን ነው?» አለ ዲያስፖራው።

«ምንትዋብ!»

ሰውየው ፊቱ ተቀየረና ወደ ሚስቱ ዞረ፤ ከዚያ ወደ ሾፌሩ። «ምን አልክ?» ሾፌሩ የእቴጌይቱ ስም መሆኑን አስረድቶ እስኪጨርስ ሰባት ደቂቃ ሄደ። ለምንትዋብ የተመደበው ጊዜ ስሟ ላይ አለቀ። «በል ቶሎ በል፣ አውሮፕላን አለብን።» ታሪኩ በአፉ እንዳለ ማርሹን አስገባ።

ስኮትላንዳዊው ብሩስ ምስኪን ነበር፤ ባጃጅ አላገኘም። በየካቲት 1770 ጎንደር ገብቶ እስከ 1771 ታኅሣሥ ድረስ እዚሁ አገር ከረመ፤ ቁስቋም አደረ፣ በምንትዋብ ቤት ፈንጣጣ የያዛቸውን ልጆች አስታመመ፣ ከቤተ መንግሥት ሰው ጋር በላ ጠጣ። አገሩ ተመልሶ በ1790 አምስት ጥራዝ መጽሐፍ ቢያሳትም ለንደኖች «ዋሾ» ብለው ሳቁበት። የኮንትራቱ ጎብኚ በአንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሥልሳ ሦስት ፎቶ አንስቶ፣ «ሥሬን አገኘሁ» የሚል ጽሑፍ ከሥሩ አስቀምጦ፣ ሳይመሽ ሦስት መቶ ሰው አመነው። አሥራ ሁለቱ አለቀሱ።

ሾፌሩን ማንም አይወቅሰውም። ቱሪስት ሲጠፋ የታክሲ ሥራ ይሠራል፣ ሲገኝ ኮንትራት ይይዛል፤ ቤንዚን ሲጠፋ ደግሞ ባጃጁን ወረፋ ላይ አቁሞ ያድራል። በደንበኛው ሩጫ ልክ ሮጠ እንጂ ሩጫውን እሱ አላመጣውም። ቀስ በል የሚለው ቢገኝ ደስታው ነው፤ በቀስታ ሲነዳ ቤንዚኑም ይበረክትለታል።

አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከፍተሻው ወዲያ፣ ዲያስፖራው ስልኩን ከፍቶ ፎቶዎቹን ያያል። ድንጋይ፣ በር፣ ድንጋይ፣ የራሱ ፊት፣ የባጃጅ መጋረጃ ዘርፍ፣ ድንጋይ። የቱ የቱ እንደሆነ ጠፋው። ፎቶውን ከመጫኑ በፊት ስም መጻፍ አለበት። ሾፌሩ ጋ ደወለ።

«ወንድሜ፣ አንድ ፎቶ ላይ ግራ ተጋባሁ። ድንጋይ አለው፣ ክብ ነገር አለው…»

ከወዲያኛው በኩል ሞተር ይጮኻል፤ ሌላ ኮንትራት ይዟል። «ዛፍ አለው?»

«የለውም።»

«ጫማ አውልቀዋል?»

«አይመስለኝም።»

«እንግዲያው ወይ ግንቡ ነው ወይ ቁስቋም» አለ ሾፌሩ፤ ከጀርባው አንድ ድምፅ «ቶሎ በል እንጂ!» ሲል ይሰማል። «ጋሸ፣ አንዱን ይጻፉት።»