ምን ተሻሻለ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ አንድ መጥፎ አመል ሥር እየሰደደ ነው። ሰው ሞባይል ቤት ይገባል፣ መስታወቱ ውስጥ የተደረደሩትን ቀፎዎች ያያል፣ በእጁ ከያዘው ጋር ያስተያያል፤ ከዚያም ቅንጣት ሳያፍር «አዲሱ ከድሮው በምን ይለያል?» ብሎ ይጠይቃል። ሻጩ ጨዋ ልጅ ነውና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ አዲሱ ነው» ይላል። ይህ በቂ መልስ ነበር። ጋሼ ግን አይበቃቸውም። «እሱማ ገባኝ፤ ዘፈኑን አጥርቶ ያሰማል ወይ? ባትሪው ይቆያል ወይ? ሚሞሪ ይቀበላል ወይ?» እያሉ የሰው ልጅ ያስጨንቃሉ።

ይህን ነውር ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። ኪሳችን ውስጥ ያለውን ሙዚቃ ለማሻሻል በየዓመቱ የሚደክሙ ኩባንያዎች አሉ። ለእነሱ የሚገባው ምስጋና ነው። ውለታቸውን የዘነጋ ካለ ከመጀመሪያው ጀምረን እናስታውሰው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ማሻሻያውም የፈረንጅ ነውና።)

በ1979 ሶኒ የመጀመሪያውን ዎክማን ጃፓን ውስጥ ለገበያ ሲያወጣ ዕቃው ከባድ ጉድለት ነበረበት፤ የኢርፎን ቀዳዳው ሁለት ነበር። የኩባንያው መሪ አኪዮ ሞሪታ፣ አንድ ሰው ጆሮውን ደፍኖ ብቻውን ሙዚቃ ቢሰማ አጠገቡ ላለው ሰው ነውር ይሆናል ብሎ ሰጋና ዕቃውን ለሁለት ሰው አሰናዳው። አንዲት ብርቱካናማ ቁልፍም ጨመረበት፤ እሷን ሲጫኑ ዘፈኑ ዝግ ይልና ሁለቱ አድማጮች ማውራት ይችላሉ። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ሲባል ያደገ የሰበታ ሰው ይህን ቢሰማ፣ ሞሪታን እዚሁ አለም ገና የተወለደ አድርጎ ሊጠረጥረው ይችላል።

ሥልጣኔ ግን እዚህ ላይ አልቆመም። ሁለቱ ቀዳዳዎች አንድ ሆኑ። በ2016 አፕል አይፎን 7ን ሲያወጣ አንዷም ዜሮ ሆነች። ከኩባንያው ኃላፊዎች አንዱ መድረክ ላይ ቆሞ ይህን ሥራ «ድፍረት» ብሎ ጠራው። እውነቱን ነው። ሰው የሚጠቀምበትን ነገር ነቅሎ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ በ159 ዶላር ገመድ አልባ ኢርፎን ይዞ ለመምጣት ድፍረት ያስፈልጋል። ለድሮው ኢርፎን የሚሆን አጭር ማገናኛ መጀመሪያ ከካርቶኑ ጋር ይሰጥ ነበር፤ በ2018 እሱም ቀረ። በ2020 ደግሞ ከአይፎን 12 ካርቶን ቻርጀሩም ኢርፎኑም ወጡ፤ ምክንያቱ ለምድር ማዘን ነው ተባለ። ምድር ሰምታ ይሆናል፤ ዋጋው ግን አልሰማም።

ሳምሰንግን ያየ ደግሞ መማር ምን እንደሆነ ያውቃል። በ2018 ቀዳዳ በሌለው ስልክ የሚያላግጥ ማስታወቂያ ሠራ። በ2019 ኖት 10ን ያለ ቀዳዳ አወጣ። በ2021 ቻርጀሩንም ከካርቶኑ አስቀረ። ላላገጠበት ነገር እንዲህ በፍጥነት የሚንበረከክ ተማሪ የትኛውም ትምህርት ቤት ቢያገኝ ይሸልመዋል።

ነቅሎ መሸጥ ብቻ አይደለም ጥበቡ። ነቅሎ፣ መልሶ፣ እንደገና ነቅሎ መሸጥም አለ። ለዚህ የአይፖድን ታሪክ የሚያህል የለም። በ2001 አይፖድ ሺህ ዘፈን በኪስ ይዞ በ399 ዶላር ሲመጣ በእርግጥ አዲስ ነገር ነበር፤ ይህ የወጣትነት ስህተቱ ነው። በኋላ በሰለ። በ2009 አይፖድ ናኖ የቪዲዮ ካሜራና ኤፍኤም ሬዲዮ ተጨመረለት። በ2010 ካሜራው ወጣ፤ ቪዲዮ ማሳየቱም አብሮ ቀረ፤ ዕቃው አራት ማዕዘን ሆኖ ልብስ ላይ የሚቆነጠጥበት መያዣ ተሰጠው። በ2011 ታላቁ ዕድገት ምን ነበር? 18 ዓይነት የሰዓት መልክ። ዘፈን ሊሰማ የገዛ ሰው ሰዓት ተሰጠው፤ ያውም ከእኛ አቆጣጠር ጋር በስድስት ሰዓት የሚጣላ። በ2012 ቪዲዮው ተመለሰ፣ መያዣው ተነቀለ። በ2015 ደግሞ አዲስ ቀለም ተቀባ። በ2017 ምርቱ ቆመ። ሁሉም ቀለም ካለቀ በኋላ ምን ይሻሻላል?

በዚህ ሁሉ ሩጫ መሐል አንድ ያፈረ ወንድም ነበር፤ አይፖድ ክላሲክ። የመጨረሻው ሞዴሉ በ2009 160 ጊጋባይት ይዞ ወጣ፤ እስከ 2014 ድረስ ሳይለወጥ ተሸጠ፤ ከዚያ በጸጥታ ተሰናበተ። አምስት ዓመት ሙሉ ዘፈን ይዞ ዘፈን ከማጫወት በቀር አዲስ ነገር አላመጣም። እንዲህ ያለ ሰነፍ ዕቃ የወደዱት ሰዎች መኖራቸው ገበያውን የሚያሳፍር ነው።

ለሰበታ የሚቀርበው ግን የአይፖድ ሻፍል ታሪክ ነው። የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት የሚገኘው ሰበታ ነው። በአገራችን ዓይነ ስውራን ተማሪዎች መጽሐፍ በካሴት አስቀርጸው ማዳመጥ የኖሩበት ልማድ ነው፤ የትኛው ቁልፍ ማጫወቻ፣ የትኛው ማቆሚያ እንደሆነ በጣታቸው ያውቁታል። በ2009 አፕል ሦስተኛውን ሻፍል ሲያወጣ ከዕቃው ላይ የማጫወቻ ቁልፎቹን በሙሉ ጠረገ። መቆጣጠሪያው ወደ ኢርፎኑ ገመድ ሄደ፤ የራሱ ያልሆነ ተራ ኢርፎን የሰካ ሰው መስማት እንጂ ማዘዝ አይችልም። በምትኩ ዕቃው ይናገራል ተባለ፤ የዘፈኑን ርዕስ በ14 ቋንቋ ያነባል። አማርኛም ኦሮምኛም ከ14ቱ አልነበሩም። እንግዲህ የሰበታ ተማሪ ዕቃው ላይ ሊነካው የሚችለው የማጫወቻ ቁልፍ የለም፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚናገርለትም የለም። በዓመት ከመንፈቁ፣ በ2010፣ ሰዎች ቁልፎቹ ናፍቀዋቸዋል ተብሎ ቁልፎቹ ተመለሱ። የተመለሱትም እንደ አዲስ ነገር ተሸጡ። ከዚህ በላይ ሥራ ፈጣሪነት ካለ ይንገሩን።

«ይሄ የሀብታም አገር ወሬ ነው፤ እኛ አይፖድ መቼ ያዝን?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ የእኛ ሙዚቃ ማጫወቻ ስልካችን ነው። ሚሞሪውን ይዘን ሄደን «የአማርኛውንም የኦሮምኛውንም ጫንልኝ» ብለን የምናስሞላው እሱ ነው። ሆኖም ማንም ከሥልጣኔ አልተረሳም። ቴክኖ ስፓርክን እዩ። ከመጀመሪያው ጀምሮ 2፣ 3፣ 4 እያለ እንደ ልጅ እየቆጠረ 10 ደረሰ። ስፓርክ 10 የወጣው በ2023 ነው። ቀጣዩ 11 ይመስላችኋል። በዚያው ዓመት 20 መጣ። በ2024፣ 30። በ2025፣ 40። በመሐል የቀሩት ዘጠኝ ዘጠኝ ስልኮች የት ገቡ? ኢንፊኒክስ ሆትም ከ12 ተነስቶ 20፣ 30፣ 40 ብሎ ዘለለ። ሳምሰንግም ከኤስ10 ወደ ኤስ20 ተሻግሯል፤ አፕል ራሱ ከ8 ተነስቶ 9ን ረግጦ አልፏል። ዕቃው ሲያዘግም ቁጥሩ ይሮጣል።

ዋጋውም ቢሆን ወደኋላ አልቀረም። በእኛ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ 22 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን ተሻገረ። ከዚያ ወዲህ የሰበታ ሰው አዲስ ቀፎ ሲያይ አንድ ነገር በእርግጥ እንደተለወጠ ያውቃል። ስለዚህ «ምኑ ተሻሻለ?» ለሚሉት ጋሼ መልስ አለ፤ ዋጋው።

አሁን ወደ አሳፋሪው ጉዳይ እንምጣ። በእነዚህ አካባቢዎች እስካሁን ባለቁልፍ ስልክ የሚሸጥ ሱቅ አለ። ይህ ስልክ ሥልጣኔ ጭራሽ አልነካውም። የኢርፎን ቀዳዳ አለው። ሚሞሪ ይገባበታል። ባትሪው በጥፍር ተከፍቶ ይወጣል። ኤፍኤም ስላለው ሸገር 102.1ን ያለ ኢንተርኔት ያሰማል። መብራት ሲጠፋ የእጅ ባትሪ ይሆናል፤ መብራት ሳይመጣ ቢውልም ቢያድርም አይዘጋም። ከፋብሪካ የማታ ፈረቃ የሚመለስ ልጅ ከኪሱ ሳያወጣው በጣቱ ዘፈን ይቀይርበታል። ከአየር ጤና ሰበታ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ሁለት ጓደኛሞች አንዱን ኢርፎን አንድ አንድ ጆሮ ተካፍለው ሲሰሙበት ይታያሉ፤ ሞሪታ በ1979 ያሰበው ይህንኑ ነበር። በስንት ድካም ሰውን ለየብቻው ካደረግነው በኋላ ወደ መካፈል መመለስ ምን ይባላል?

የሚቆጨው ሌላ ነገር፣ ይህ የማሻሻል ጥበብ በሙዚቃ ብቻ ተወስኖ መቅረቱ ነው። ከአየር ጤና ሰበታ፣ ከአስኮ ቡራዩ፣ ከአዲሱ ገበያ ሱሉልታ የሚመላለሱት ሚኒባሶች ለምን አይማሩበትም? በመጀመሪያው ዓመት ቀለም ይቀየር፤ ታሪፉ ይጨመር። በሁለተኛው ዓመት መኪናው ቀለል እንዲል የበሩ እጀታ ይነቀል፤ እጀታ የፈለገ ተሳፋሪ ከመነኻሪያው ለብቻ ይግዛ። በሦስተኛው ዓመት «ወራጅ አለ» ማለት ይቅር፤ መውረድ የሚቻለው ኩባንያው በሸጠው ፊሽካ ብቻ ይሁን። በአራተኛው ዓመት እጀታው ተመልሶ ይገጠም፤ ስሙም «ሚኒባስ 20» ይባል። ሰበታ የሚያደርሰው በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት ነው። ተሳፋሪው ቢያጉረመርም ረዳቱ መልስ አለው፤ «እናቴ፣ ይሄ እኮ አዲሱ ነው።»

የሚያጉረመርሙትንም ደንበኞች መገሠጽ ያስፈልጋል። ጥያቄያቸው ሲደመር ምን ይሆናል? ድምፁ ይጥራ፣ ባትሪው ይቆይ፣ ሚሞሪ ይግባበት፣ ኢርፎን ይሰካበት፣ ሲበላሽ ይጠገን። አምስት ነገር ነው፤ አምስቱም በየዘመኑ ተሠርተው ያየናቸው ናቸው። እንዲህ ያለውን ያረጀ ጥያቄ አንስቶ አዲስ ነገር የሚሠሩ ሰዎችን ማድከም ግፍ ነው። እነሱ የሚሠሩት ለሚሰማ ሰው አይደለም፤ ለሚገዛ ሰው ነው። የሚሰማ ሰው አንዴ ገዝቶ ለዓመታት ይሰማል። ከእንዲህ ያለ ደንበኛ ምን ትርፍ ይገኛል? የሚፈለገው የያዘውን ሲያይ የሚያፍር፣ ቁጥር ሲጨመር የሚደነግጥ፣ ያልሰማውን ዘፈን ሳይሆን ያልያዘውን ቀፎ የሚያስብ ደንበኛ ነው።

ስለዚህ አደራ እንላለን። አዲሱ ሞዴል ሲመጣ የድሮውን አብራችሁ ይዛችሁ ሄዳችሁ፣ አንዱን ዘፈን በሁለቱም ከፍታችሁ አታመሳክሩ። የካርቶኑን ጽሑፍ አንብባችሁ ምን እንደቀረ አትቁጠሩ። የኢርፎን ቀዳዳው አቧራ ገብቶበት ሲያቋርጥ በስንጥር አጥርቶ ለሚመልስላችሁ ጠጋኝ ልጅ ጥቂት ብር ከፍላችሁ አትውጡ። ያበጠውን ባትሪ አውጥታችሁ በሌላ ተክታችሁ፣ «ይሄው ይሠራል እኮ» እያላችሁ ሌላ ሦስት ዓመት አትያዙት። በተለይ ይህን የመጨረሻውን ለጎረቤት እንዳታስለምዱ። የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ሰው ሁሉ ካልተሻሻለ አልገዛም ያለ ዕለት፣ ኩባንያዎቹ የምር ለማሻሻል ሊገደዱ ነው።