የደበዘዙት የሙሽራው ወገኖች

የሠርግ ወር ሲገባ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ላይ ኮሚናሉ በወረፋ ይያዛል፣ በየብሎኩ መሃል ድንኳን ይተከላል፣ ካሜራማኑም ከሚዜው በላይ ይከበራል። ክብሩ የሚቆየው ታዲያ ካሜራው «ኤረር 01» እስኪል ድረስ ነው።

ያቺ ጽሑፍ ብቅ ስትል ድንኳኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ቴክኒሻን ይሆናል። አንደኛው ሚዜ «ባትሪውን አውጥተህ መልሰው» ይላል። ሁለተኛው ሜሞሪው ሞልቶ ነው ባይ ነው። ከውጭ የመጡት አጎት እነሱ አገር እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለ ያስረዳሉ። አንዲት እናት ደግሞ «ዓይን ነው» ብለው ይገላገላሉ። ካሜራማናችን ማንንም አያስቀይምም፤ ሌንሱን ነቅሎ እፍ ይልበታል፣ በከረባቱ ጫፍ ይወለውለዋል፣ ጎኑን ቸብ ቸብ ያደርገዋል። የማይሞክረው ማንበብን ብቻ ነው። የካነን ካሜራ ኤረር 01 ብሎ ዝም አይልም እኮ! በካሜራውና በሌንሱ መሃል ያለው ግንኙነት ተበላሽቷል፣ የሌንሱን መገናኛዎች አጽዳ ብሎ ከነመድኃኒቱ ይጽፋል። መገናኛዎቹ ከሌንሱ ኋላ የተደረደሩት ወርቃማ ነጥቦች ናቸው፤ የሚፈልጉት ንጹሕና ደረቅ ጨርቅ እንጂ ትንፋሽ አይደለም።

እርግጥ ማጽዳት ሁልጊዜ አያድንም። አንዳንዴ በሽታው ያለው አፐርቸሩ ላይ ነው፤ አፐርቸር ሌንሱ ውስጥ ያለ፣ እንደ ዓይን ብሌን የሚጠብና የሚሰፋ ቀዳዳ ነው። ስናነጣጥር ወለል ብሎ ይቆያል፤ የሚጠበው ሹተሩ ሲጫን ነው። በሽታው ሲያነጣጥሩ ተደብቆ ሲያነሱ የሚወጣውም ለዚህ ነው። ሌንሱ ወደፊትና ወደኋላ ሲመላለስ ደግሞ ወደ አፐርቸሩ የሚሄደው ስስ ሪባን ኬብል ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል። ሌላ ሌንስ ሲገጠም ኤረሩ ከጠፋ ጥፋተኛው ታወቀ።

ጉዱ ከዚህ ወዲያ ነው። የኛ ሰው ብልሃት አያጣም፦ አፐርቸሩ መጥበብ ካቃተው ሳይጠብ ይሥራ! ሃምሳ ሚሊሜትሩ ሌንስ ወለል ብሎ በሚከፈትበት ቁጥር፣ 1.8 ላይ ከተተወ የአፐርቸሩ ቢላዎች ስለማይንቀሳቀሱ ኤረሩ አብዛኛውን ጊዜ ጸጥ ይላል። እናም ኬኩም በ1.8፣ ጭፈራውም በ1.8፣ የአማት ጉንጭ መሳሙም በ1.8 ይነሳል። ጠራራ ፀሐይ ላይ የቬሎው ጥልፍ በብርሃን ይዋጣል። በትልቁ የቤተሰብ ፎቶ ላይ ከፊት የተቀመጡት ቅንድባቸው ሲቆጠር፣ ከኋላ የቆሙት ማን እንደሆኑ አይለዩም። ካሜራማኑ ሲጠየቅ «ሲኒማቲክ ነው» ይላል፤ ለሚቀጥለው ሠርግም ዋጋ ይጨምርበታል።

አልበሙ የመጣ ዕለት ከፊት ያሉት የሙሽሪት፣ ከኋላ የደበዘዙት የሙሽራው ወገኖች ሆነው ይገኛሉ። «ድሮም ንቀውናል» ይባላል። ሽማግሌ ይላካል፣ የጥሎሹ ነገር እንደገና ይነሳል፣ ስለ ሪባን ኬብሉ ግን ትንፍሽ የሚል የለም።

እንግዲህ በዚህ ወር የምትዳሩ ጀሞዎች፣ ውል ስትፈራረሙ ስለ ድሮን ብቻ አትጠይቁ። ካሜራማኑ የአፐርቸሩን ቁጥር 8 ላይ አድርጎ እፊታችሁ አንድ ፎቶ ያንሳ። ኤረር ካለ ሌላ ሌንስ ይዞ እንዲመጣ ንገሩት፤ ከሌለው ደግሞ ቶሎ የሚያኮርፉትን ዘመዶች ፊት ረድፍ ላይ አስቀምጡ።